የአያቴን ኦሜጋ ማን ይክፈታት?

እንደምን ከረማችሁ። አያቴ ባለፈው ዓመት አርፈው ሰዓታቸው ለእኔ ደረሰችኝ። ኦሜጋ ኮንስቴሌሽን ናት፣ ኦቶማቲክ፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሷን የምትሞላ። ፊቷ እንደተደፋ ሰሃን ዳር ዳሩን ዝቅ ያለ ነው። ጀርባዋ ላይ በወርቅ የተሠራ የከዋክብት መመልከቻ ሕንፃ አለ፣ ከበላዩ ስምንት ኮከብ። አያቴ አውራ ጎዳና ነበር የሚሠሩት። አጎቴ እንደሚለው በ1956 ዓ.ም. ፒያሳ ገዟት። አሁን ቆማለች። ስወዘውዛት አንድ ደቂቃ ትሄድና ትተኛለች። የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለፋብሪካው ልላካት? እዚህ ያለ ሰዓት ሠሪ ጋ ልውሰዳት? ወይስ ለገና አገር ቤት ስገባ ፒያሳ ላሳያት? ዋጋ የምታውቁም ንገሩኝ። ገንዘቡን ሳይሆን መበላሸቷን ነው የምፈራው።

ይህን የለጠፍኩት እኔው ነኝ። መልሱ 32 ደረሰ። ግማሹ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ስለሆነ ማንበቡ ዓይን ያደክማል፤ መሀሉ ላይ ደግሞ ጠብ አለ። ምን ተባለ፣ ምን ሆነች እያላችሁ በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ፣ ከላይ ጀምሬ በራሴ አፍ ላውራላችሁ።

1ኛው ነፍስ ይማር ብሎ ፎቶ ጠየቀ። ለጠፍኩ።

2ኛው ጊዜ አላጠፋም። ፋብሪካው ራሱ ይሥራት አለ። ምክንያቱን ሲያስረዳ ደህና ነበር፤ ኦሜጋ ስዋች ግሩፕ ከሚባለው ድርጅት ስር ናት፣ ሎንጂንስና ቲሶትም እዚያው ናቸው፣ ድርጅቱ ደግሞ መለዋወጫ ለፈለገ ሁሉ አይሸጥም። የመንደር ሰዓት ሠሪ ጎበዝ ቢሆን እንኳ ዕቃውን ከየት ያመጣል? ፋብሪካው ግን ሠርቶ የሁለት ዓመት ዋስትና ይሰጣል። እሱ የራሱን ልኮ ከ800 ዶላር በላይ ከፍሏል፣ ከሁለት ወር በላይ ጠብቋል፣ አልቆጨውም።

3ኛዋ በጨዋ አነጋገር አቆመችው። የ2ኛው ሰዓት የአሥር ዓመት ዕቃ ነው፣ የዚህችኛዋ ግን የ60 ዓመት። ፋብሪካ የለመደው አዲስ ማስመሰል ነው፤ ዝም ካልሽ አካሏን ወልውሎ፣ ጠቋሚዎቿን ቀይሮ፣ አብረቅርቃ ትመጣልሻለች አለችኝ። ስለዚህ የትም ልላካት የት፣ ሦስት ነገር በጽሑፍ ላስቀምጥ፦ አካሏ አይወልወል፣ ፊቷ አይነካ፣ የሚወጣው አሮጌ ዕቃ በሙሉ ይመለስልኝ። የራሷ ምርጫ ግን ድርጅት ውስጥ ያልሆነ፣ ለብቻው የሚሠራ ባለሙያ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ሃሪሰን የሚባል ከተማ ያለው የአሜሪካ ሰዓት ሠሪዎች ማኅበር ሲደብሊው 21 የሚባል የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ የአባላቱን ዝርዝርም ድረ ገጹ ላይ ማየት ይቻላል። እኔ ሰውዬዬን ያገኘሁት እዚያ ነው።

4ኛው በሦስት መስመር አስደነገጠኝ። አትወዝውዣት። ውስጧ ያለው ዘይት ደርቆ ሙጫ ሆኗል፣ በደረቁ በሄደች ቁጥር የጥርሶቹ ዘንጎች ይፋቃሉ። እውነቱን ልናገርና፣ ማታ ማታ ድምጿን ለመስማት ብቻ እወዘውዛት ነበር። አቆምኩ።

5ኛው ለአንድ የቆመ ሰዓት ይህ ሁሉ ወሬ ምንድነው፣ በሃያ ዶላር ካስዮ ግዢ፣ በተረፈሽ ለተቸገረ ስጪበት አለ። እንዲህ ያለ ሰው ከየትም ውይይት አይጠፋም። ሁለት ሰው ሳቀ፣ አልፈነው ሄድን።

6ኛው ግን ልብ ይነካል። አባቱ ሮመር ነበራቸው። በእጅ የምትሞላ፣ ፊቷ በዕድሜ ብዛት የሻይ ቀለም የያዘች፣ 4 ቁጥሯ ጋ ትንሽ የተላጠች። አባትየው ስድሳኛ ዓመታቸውን ሲይዙ ልጁ ሊያስደስታቸው ፈልጎ ደብቆ ወሰደና አስጠገናት። የትኛው ከተማ፣ የማን ሱቅ እንደሆነ አልተናገረም። ሰዓት ሠሪው ሳይጠይቀው ፊቷን በአዲስ ቀለም አስቀብቶ፣ ጽሑፉንም በአዲስ አሳትሞ መለሰለት። ነጭ፣ ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ። ልጁ ደስ ብሎት ጠቅልሎ ሰጠ። አባትየው አመሰገኑ፣ አሠሩ፣ ትንሽ አዩአትና ያቺኛዋስ የት ደረሰች ብለው ጠየቁ። ያችው ናት ሲላቸው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ገባች፣ ሁለተኛም አልታሠረች።

7ኛዋ በዚሁ ላይ የገበያውን ነገር ጨመረች። የምትሠራው ጨረታ ቤት ነው። ፊቷ ዳግም የተቀባ ሰዓት ዋጋዋ ክፉኛ ይወርዳል አለች፤ ገዢው የሚከፍለው ለኦርጅናሉ ነው፣ ቢያረጅም። ሲወለወል ደግሞ የአካሏ ስለት ይሟሽሻል፣ ጠርዙ እንደ ሳሙና ይድቦለቦላል፣ የተፋቀ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። የኦሜጋ ዋናው መስታወት መሀሉ ላይ በዓይን በቀላሉ የማይታይ ትንሽ የኦሜጋ ምልክት እንዳለው ያወቅኩትም ከእሷ ነው። ስልኬን መብራት አድርጌ ገልበጥ ገልበጥ ሳደርጋት አየሁት። የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ነገር ናት። ስልሳ ዓመት ሙሉ አያቴ አይተዋት ይሆን?

ጠቡ 8ኛው ላይ ጀመረ። ፒያሳ እንዳትሞክሪው አለ። እዚያ ያሉት በቤንዚን አጥበው በልብስ ስፌት መኪና ዘይት የሚቀቡ ናቸው፣ የአጎቱን ሰዓት ደግሞ ሆድ ዕቃዋን አውጥተው በሌላ ቀይረውበታል፣ ሁሉም ሌባ ነው ብሎ ደመደመ።

9ኛው ሌሊቱን ሳይተኛ የጻፈው ይመስላል፣ ረጅም ነው። የሰዓት ሠሪ ልጅ ነው። አባቱ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ከአንድ ሱቅ በራፍ ላይ፣ ትምህርት ቤት ካለው የተማሪ ጠረጴዛ በማትበልጥ ሣጥን ፊት ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጠዋል። አጉሊ መነጽሩን ዓይናቸው ውስጥ ቆንጥጠው ይዘው ያወሩ ነበር፣ ሲስቁ እንኳ አይወድቅም። በዚያች ሣጥን ስድስት ልጅ አሳድገዋል። አዎ፣ በቤንዚን ያጥቡ ነበር። የስዊስ ማጠቢያ ማን አምጥቶላቸው? የተሰበረ ዘንግ ሲገጥማቸው መለዋወጫ የሚያዝዙበት ቦታ ስላልነበረ ከመርፌ ሞርደው ይሠሩ ነበር፤ እስኪ ከእናንተ የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ይህን ይሥራ አለ። የአባቱ ቦታ በ2016 ዓ.ም. ሠፈሩ ሲፈርስ አብሮ ሄደ። አሁን ቤት ናቸው፣ ደንበኞቻቸው ግን እየደወሉ ይመጣሉ። ከዚያ ወደ 8ኛው ዞሮ ያለውን እዚህ አልደግመውም። አስተዳዳሪው ሁለት መስመር አጠፋ።

8ኛው በ10ኛው ተመለሰ። ሁሉም ማለቱ ስህተት መሆኑን አመነ፣ ሆድ ዕቃዋ መቀየሩን ግን አልተወም። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ጎበዝ እጅ አለ፣ ሌባ እጅም አለ፣ እዚህም እዚያም። ደግነቱ 10ኛው ላይ ቁም ነገር ጣል አደረገ፦ ሰዓት ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ጀርባዋን እፊታችሁ አስከፍታችሁ ሞተሯን ከነቁጥሩ ፎቶ አንሱ። ቁጥሩ ካላችሁ ማንም አይቀይርባችሁም።

11ኛዋ ከዱባይ ናት። የባሏን ሴይኮ ፋይቭ ለማስጠገን የተጠየቀችው ከአዲስ ሞተር ዋጋ ስለበለጠ ሞተሩን በሙሉ አስቀየረች። ለሴይኮ ፋይቭ ያዋጣል። ለዚህችኛዋ ግን ማንም እንዲህ እንዲመክረኝ አልፈልግም አልኩ በልቤ።

12ኛዋ ነርስ ናት፣ በቅንነት አስፈራራችን። የድሮ ሰዓቶች በጨለማ የሚያበራው ቀለማቸው ራዲየም ነው፣ አትክፈቺው፣ ልጆች ካሉሽ ከቤት አውጪው አለች። 13ኛው ግማሹን አረመ። ራዲየም እውነት ነው፣ ጉልበቱ በግማሽ እስኪቀንስ 1,600 ዓመት ይፈጃል፣ ስለዚህ የራዲየም ሰዓት ራስህ ከፍተህ አትፋቅ፣ ብናኙን አትተንፍስ። ነገር ግን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንጆቹ ወደ ትሪቲየም ዞረዋል። የዚያ ምልክቱ ፊቷ ላይ ከታች፣ ስዊስ ከሚለው ግራና ቀኝ የተጻፈች ቲ ናት። ትሪቲየም በ12 ዓመት ከአራት ወር ገደማ ይገመሳል፣ ስለዚህ ከስልሳ ዓመት በኋላ የቀረው ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ነው። እኔ የእኔዋን አየሁ፤ ቲም የለም፣ የሚያበራ ቀለምም የለም። አያቴ ማታ ሰዓት ሲያዩ ፋኖስ ያስጠጉ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ከ14ኛው እስከ 16ኛው ስለ መላክ ነው። ሰው ይዞ ይሂድ ያለ አለ፤ ሌላው ባልተፈተሸ ሰው እጅ ውርስ አይላክም ብሎ ገሠጸው። አሜሪካ ውስጥ ለውስጥ ለምትልኩ የፖስታ ቤቱ ሬጂስተርድ የሚባለው አገልግሎት እስከ 50,000 ዶላር ዋስትና ይዞ ከእጅ ወደ እጅ እየተፈረመ ነው የሚሄደው። ዘገምተኛ ነው፣ ግን አይጠፋም። ሰዓቱን አስሮ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ደግሞ፣ ከመውጣቱ በፊት ጉምሩክ ጋ ቅጽ 4457 አስሞልቶ ቢይዝ ሲመለስ ከውጭ የገዛኸው ነው ብሎ ቀረጥ የሚጠይቀው የለም። ይህን የጻፈው አንድ የታክሲ ሹፌር ነው፣ ኤርፖርት ሲመላለስ የማያውቀው ነገር የለም።

17ኛው የእኔ ነው። ሰዓቷን የማኅበሩ አባል ለሆነ አንድ ሽማግሌ ሰጠሁ። ሥራውን ጠየቅኩት፣ ቁጭ አድርጎ አሳየኝ። መጀመሪያ በሙሉ ትፈታለች፣ እስከ መጨረሻዋ ብሎን። ትታጠባለች። ከዚያ ቦታ ቦታውን እያየ የተለያየ ዘይት ይነካል፤ በፍጥነት ለሚዞረው ቀጭን፣ ሞላው ላለበት ከበድ ያለ። ጠብታው ከመርፌ ጫፍ ያነሰ ነው፤ ከበዛ ይፈስሳል፣ ካነሰ ይደርቃል። ሞተሯ 551 የሚባለው ነው፣ 24 የዘንግ መቀመጫ ድንጋይ ያለው፣ ቀለሙ እንደ መዳብ ቀላ ያለ። በሰዓት 19,800 ጊዜ ትመታለች። ቁጥሯ በ20 ሚሊዮን ስለሚጀምር በፈረንጅ ወደ 1963 ይጠጋል አለኝ። ከአጎቴ ወሬ ጋር ገጠመ።

ጀርባዋን ሲገለብጠው ግን ፊቱ ተቀየረ። ክዳኑ ውስጥ፣ በጣም በቀጭኑ፣ በመርፌ የተጫሩ ቁጥሮች አሉ። ሰዓት ሠሪዎች ሲያጥቡ ቀኑን እንዲህ የመጫር ልማድ አላቸው። አንዱ 21/6/58 ይላል፣ ሌላው 4/11/67። አጠገባቸው አንዲት ጎባጣ ምልክት አለች። ሽማግሌው አጉሊ መነጽሩን አወለቀና በትህትና ነገረኝ፦ በ1963 የተሠራች ሰዓት በ1958 ልትታጠብ አትችልም። ክዳኑ ከሌላ ሰዓት የመጣ ሊሆን ይችላል። ፎቶውን አንስቼ ለጠፍኩ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት፣ አልቅሼም ነበር፣ አልዋሽም።

18ኛው አላልኳችሁም አለ። 8ኛው ራሱ መሆኑ ነው። ተቀያይራለች፣ ፒያሳ ግማሽ በግማሽ ገጣጥመው ነው ለአያትሽ የሸጡላቸው፣ በቃ። ዘጠነኛው መለሰለት፣ እሱም መልሶ መለሰ፣ 19ኛው በሙሉ ይኸው ጠብ ነው። አስተዳዳሪው እንዲዘጋው የጠየቁም ነበሩ።

20ኛው በዚህ ሁሉ እሳት መሀል ስለ ጃንሆይ ሰዓት ማውራት ጀመረ። በ1954 እ.ኤ.አ. ስዊስ ሄደው ያገኙት ጥቁር ፊት ያለው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ቀርቦ የባለቤትነት ክርክር ተነሥቶበት ከጨረታው ወጣ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ፓቴክ ከ1839 ጀምሮ የሠራውን ማንኛውንም ሰዓት ዛሬም እጠግናለሁ ይላልና፣ ውርስ ከሆነ አይቀር እንዲህ ያለ ውርስ ነው አለ። ማን ጠየቀው? ግን ጥሩ ትንፋሽ ሰጠን።

21ኛዋ አንድ መስመር ብቻ ጻፈች። በየትኛው አቆጣጠር ነው የምታነቡት?

ለሁለት ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም። እኔም አፈርኩ። ለሽማግሌው ይቅርታ አለው፣ ፈረንጅ ነው። እኛ ግን ሃያ ሰው ሆነን፣ ግማሻችን የልደት ቀናችንን ሁለት ጊዜ እየቆጠርን ያደግን፣ ፒያሳ ለተጫረ ቁጥር የፈረንጅ ዓመት ሰጠነው።

22ኛው ቁጭ ብሎ አሰላው። 21/6/58 የካቲት 21 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1966። ስለዚህ አያቴ በገዟት በሁለት ዓመቷ አሳጠቧት፣ የቢሮ ሰው ናቸውና ይህ ያምርባቸዋል። 4/11/67 ደግሞ ሐምሌ 4 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የተጫረ ነገር የለም። ለምን እንደሌለ 22ኛው ራሱ ጠቆመ፤ ከ15 ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 19፣ የትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። አያቴ አንዲት ቤት ያከራዩ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወርቅ ምልክት ያላትን ሰዓት ይዞ ፒያሳ ሱቅ ለሱቅ መዞር ማንን ያምረዋል? ይህ የ22ኛው ግምት ነው፣ እናቴ ግን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ሰዓቷ ለዓመታት በርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ እንደነበረች የነገረችኝም ያኔ ነው።

18ኛው ተመልሶ አልመጣም። ይቅርታ አልጠበቅኩም።

23ኛው ጎባጣዋ ምልክት የአርመን ፊደል ናት አለ፤ ፒያሳ የወርቅና የሰዓት ሥራ ላይ አርመኖች ብዙ ነበሩ። 24ኛው የለም የእኛው ፊደል ናት፣ ሀ ናት፣ የሠሪው ስም መጀመሪያ ናት ብሎ ተከራከረ። 25ኛው ከአርመኖቹ ተነሥቶ ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ስላመጧቸው አርባ ልጆችና ስለ ማርሽ ባንዱ ሦስት አንቀጽ ጻፈ። ወደድኩት፣ ከሰዓት ጋር የሚያገናኘው ነገር ባይኖርም። ምልክቷን እኔ መቶ ጊዜ አይቻታለሁ፣ ለእኔ የዓሣ መንጠቆ ናት የምትመስለኝ። 9ኛው ለአባቱ አሳይቶ ነበር። አባትየው ስልኩን አስጠግተው አርቀው አይተው ይህ የእኔ እጅ አይደለም፣ ግን ሲጭር እጁ አልተንቀጠቀጠም ብለው ብቻ መለሱ።

26ኛዋ የተለየ ነገር ጠየቀች፦ አያትሽ ሰዓቷን የሚሞሏት በሐበሻ ነበር ወይስ በፈረንጅ? በሐበሻ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን አጭሩ ጠቋሚ 1 ላይ ነው። አባቴ በፈረንጅ ሞልቶ ተቃራኒውን የሚያነብ ስለነበር በዚህ ሁልጊዜ ይከራከሩ ነበር።

27ኛው ስንት ከፈልሽ አለ። 460 ዶላር። ሽማግሌው የቀየረው ሞላውን፣ ኦቶማቲኩ የሚዞርበትን ያለቀ ዘንግና የመዝጊያ ጎማውን ነው። ዘንጉ በማለቁ በላዩ የሚዞረው ብረት ክዳኑን ሲልስ ኖሯል፤ ከተጫሩት ቁጥሮች ጎን ግማሽ ክብ የሆነ ጭረት ትቶ አልፏል፣ የ67ን 7 ጫፏን በልቷታል። አሮጌዎቹን ዕቃዎች በትንሽ ላስቲክ ከረጢት አድርጎ መለሰልኝ። መስታወቱን አልቀየረም፣ ጭረቱን በእጁ በመወልወያ ቅባት አሸልኝ፣ መሀሏ ያለችው ምልክት እዚያው ናት። በቀን ስምንት ሴኮንድ ትቀድማለች። አዲስ ስትሆን ከዚህ ትሻል ነበር፣ ለዕድሜዋ ግን ይበቃታል ብሎኛል።

28ኛው ስምንት ሴኮንድ ይበዛል፣ መልሰሽ ውሰጂበት አለ። 29ኛው ስልክ አጠገብ አታስቀምጪያት፣ ማግኔት ከያዛት በቀን ደቂቃዎች ትቀድማለች፣ መርፌ ያለው ኮምፓስ አስጠግተሽ ካወዛወዘው ይዟታል ማለት ነው ሲል መከረ። ሞከርኩ፣ ኮምፓሱ አልተንቀሳቀሰም። 30ኛዋ ሽማግሌው ቀን ጭሯል ወይ አለች። አልጫረም፣ የዛሬ ባለሙያዎች አይጭሩም፣ መዝገብ ይይዛሉ። ክዳኑን ከመዝጋቱ በፊት ግን የአገራችሁን ቀን ንገሪኝ ብሎ ጠይቆኝ መዝገቡ ላይ ከፈረንጁ ጎን ጻፈው።

31ኛው ትሸጫታለሽ ወይ አለ። አልመለስኩለትም።

32ኛው ትናንት ማታ የመጣ ነው፣ የማሰሪያዋ ስፋት ስንት ነው ይላል። 18 ሚሊሜትር ነው።